አንድ ግምጃ ቤት፤ ሁለት ባላንጣዎች

በጦርነት ጊዜ የወዳጄ ወዳጅ ሁሉ ወዳጄ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ይሳሳታል። አንድ ታላቅ መንግሥት ጠላቱን ለመጣል በተነሣ ጊዜ በመንገዱ ላይ ያገኘውን ባለ ጦር ሁሉ ወዳጅ ለማድረግ ይጥራል፤ ለአንዱ ወርቅ፣ ለሌላው ጠመንጃ፣ ለሦስተኛውም ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይሰጣል። ወርቁና ጠመንጃው በዚያው ቀን ይቈጠራል። ደብዳቤው ግን የሚቈጠረው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ወዳጆቹ ደብዳቤያቸውን አውጥተው ሲያስተያዩት ለአንዱ የተሰጠው ተስፋ የሌላውን ተስፋ የሚነካ ሆኖ ይገኛል።

በሜይ ወር 1919 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሰው ዘመን፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በዓረብ በረሓ፣ ከጣይፍ ከተማ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው ቱረባ በምትባል የውሃና የተምር ሥፍራ አንድ ጦር በሌሊት ተደመሰሰ። የተደመሰሰው የሒጃዝ ንጉሥ የሸሪፍ ሑሴን ጦር ሲሆን አዛዡም ሁለተኛ ልጃቸው አሚር አብደላ ነበሩ። የደመሰሱትም የነጅድ ገዥ የአብዱል አዚዝ ኢብን ሳዑድ ተከታዮች፣ «ኢኽዋን» የሚባሉት ተዋጊዎች ናቸው። በረሓ ለበረሓ የሚዋጉ ጐሣዎች ታሪክ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ለዛሬ አንባቢ ብዙ ባላስደነቀ ነበር። የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ ድል ያደረጉትም ድል የሆኑትም ገዦች በየወሩ ወርቅ ይቀበሉ የነበረው ከአንድ ግምጃ ቤት፣ ማለት ከእንግሊዝ መንግሥት ነው።

እንግዲህ አንድ መንግሥት ሁለት ባላንጣዎችን በአንድ ጊዜ እንዴት ሊቀልብ ቻለ? እንግሊዝ ሆን ብላ ሊያፋጅ ያሰበች ተንኰለኛ ስለ ነበረች ነው ብሎ መልስ መስጠት ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩን በቅርብ የመረመረ ሰው ከተንኰል ይልቅ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የበለጠ የሚያስተምር ነገር ያገኝበታል።

የጦርነቱ ጭንቀት

የቱርክ መንግሥት በ1914 መጨረሻ ከጀርመን ጋር ወግኖ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባ ጊዜ ሡልጣኑ የእስላሞች ሁሉ ኸሊፋ እንደ መሆናቸው መጠን በኖቬምበር ወር የጂሃድ አዋጅ በቁስጥንጥንያ ተነገረ። ይህ አዋጅ እንግሊዝን ከማንም ይበልጥ አሳሰባት። በህንድና በግብፅ እጅግ ብዙ እስላሞች በግዛቷ ሥር ነበሩ፤ በህንድ ጦሯም ውስጥ እስላም ወታደሮች ተሰልፈው ነበር። ወደ ህንድ የሚያሻግረው የስዌዝ ቦይም ከቱርክ ጦር ብዙ አይርቅም፤ በፌብሩዋሪ 1915 የቱርክ ጦር የሲናን በረሓ አቋርጦ እስከ ቦዩ ዳር ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር በጋሊፖሊ ሳይሳካለት ቀረ። በኤፕሪል 1916 ደግሞ በመስጴጦምያ በኩት ተከቦ የነበረው ሠራዊቷ እጁን ሰጠ።

በዚህ ጭንቀት መካከል አንድ ጥያቄ ተነሣ። የጂሃዱን አዋጅ ኃይል የሚያደክም፣ በእስላሞች ዘንድ የተከበረ ሰው ከየት ይገኛል? ከመካ የበለጠ ሥፍራ አልነበረም።

ሁለቱ ሰዎች

ሸሪፍ ሑሴን ኢብን ዓሊ ከነቢዩ መሐመድ ዘር የሚወለዱ፣ ብዙ ዘመን በሡልጣኑ ዓይን ሥር በቁስጥንጥንያ የኖሩ፣ በ1908 የመካ አሚር ሆነው የተሾሙ ሽማግሌ ናቸው። ክብራቸው ትልቅ፣ ትምህርታቸው የቤተ መንግሥት፣ ትዕግሥታቸው ግን አጭር ነበር። በተሾሙበት ዓመት ከደማስቆ የተነሣው የሒጃዝ ባቡር 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ መዲና ገባ። ሌላው ሰው በዚህ ሐዲድ ላይ ተሳላሚ ሲሄድ አየ፤ ሸሪፉ ግን የቱርክ ወታደር ወደ ደጃቸው ሲቀርብ አዩ። ስለዚህም ጦርነቱ ገና ሳይነሣ፣ በ1914 መጀመሪያ፣ ልጃቸው አብደላ በካይሮ ከሎርድ ኪችነር ጋር ተገናኝተው የእንግሊዝን አሳብ ለመመርመር ሞክረው ነበር።

አብዱል አዚዝ ኢብን ሳዑድ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ናቸው። ቤተ ሰባቸው ከሪያድ ተባሮ በኩዌት በስደት ሳሉ፣ በ1902 ከጥቂት ተከታዮች ጋር በሌሊት ገብተው ሪያድን መልሰው የያዙ ጐልማሳ ናቸው። በ1913 ቱርኮችን ከአል ሐሳ አስወጥተው እስከ ባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ደረሱ። ቤታቸው ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከወሃቢ ትምህርት ጋር የተቈራኘ ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በፊት አያቶቻቸው መካን ይዘው ነበር፤ በ1818 ከግብፅ የተላከው ጦር ዋና ከተማቸውን ድርዒያን እስኪያፈርስ ድረስ የሳዑዶች ስም በሒጃዝ ያስፈራ ነበር። ይህንን በመካ ያሉት ሸሪፎች አልረሱትም፤ በሪያድ ያሉትም አልረሱትም። ስለዚህ እንግሊዝ ወርቋን ይዛ ስትመጣ ባላንጣነቱን አልፈጠረችውም፤ ቆሞ ጠበቃት።

ሁለቱ ብቻ ግን አልነበሩም። በሐይል ከተማ የነበሩት ኢብን ረሺድ የኢብን ሳዑድ የቆየ ጠላት ስለ ሆኑ ከቱርክ ጋር ወገኑ። በዓሲር የነበሩት ኢድሪሲ በኤፕሪል 1915 ከእንግሊዝ ጋር ውል አደረጉ፤ በየመን የነበሩት ኢማም ያሕያ ደግሞ የኢድሪሲ ባላጋራ ነበሩና ከቱርክ ጋር ጸኑ። አንባቢ እንደሚመለከተው እያንዳንዱ ገዥ ወገኑን የመረጠው ስለ ጀርመን ወይም ስለ እንግሊዝ በማሰብ ሳይሆን ጐረቤቱ የት እንደ ቆመ በማየት ነው።

ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የእንግሊዝ መንግሥት ስንል አንድ ሰው የተናገረ ይመስለናል። በዓረብ ጉዳይ ግን ሁለት አፍ ነበረው።

አንደኛው አፍ በካይሮ ነበር። በዚያ የነበሩት ዋና ሹም ሰር ሄንሪ ማክማሆን ደብዳቤያቸውን የሚልኩት ወደ ሎንዶን ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። በ1916 «የዓረብ ቢሮ» የተባለ ክፍል በካይሮ ተቋቁሞ ሎሬንስን የመሳሰሉ ወጣት መኮንኖች ሠሩበት። የካይሮ ሰዎች ከፊታቸው የሚያዩት ስዌዝን፣ ቀይ ባሕርን፣ ሶርያንና መካን ስለ ነበረ ዓይናቸው በሸሪፍ ሑሴን ላይ ዐረፈ።

ሁለተኛው አፍ የህንድ መንግሥት ነበር። እርሱም በሎንዶን የተለየ ሚኒስትር፣ የተለየ በጀት፣ የተለየ ጦር ነበረው። የባሕረ ሰላጤውን ጉዳይ የሚያካሂዱት ሰር ፐርሲ ኮክስ ነበሩ። የህንድ ሰዎች፣ አንድን ሸሪፍ በኸሊፋው ላይ ማስነሣት የህንድን እስላሞች ልብ ያሻክራል ብለው ፈሩ። ደግሞም ከፊታቸው የሚያዩት ባስራን፣ ኩዌትንና ባሕሬንን ስለ ሆነ ዓይናቸው በኢብን ሳዑድ ላይ ዐረፈ። ከኢብን ሳዑድ ዘንድ የላኩት መልእክተኛቸው ሻምበል ሼክስፒር በጃንዋሪ 1915 ኢብን ሳዑድና ኢብን ረሺድ በጀራብ ሲዋጉ በጦር ሜዳው ላይ ተገደለ።

እንግዲህ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱ ሰው ነበረው። የካይሮ ሹም ሪፖርት ሲጽፍ ሸሪፉ የዓረቦች ሁሉ ራስ ናቸው፤ የህንድ ሹም ሪፖርት ሲጽፍ ኢብን ሳዑድ የማዕከላዊው ዓረብ አገር ብርቱ ሰው ናቸው። ሁለቱም ሪፖርቶች ውሸት አልነበሩም። በጦርነት ጥድፊያ ግን ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አኑሮ «ይህ ከዚያ ጋር ይስማማልን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በጊዜው አልተገኘም። ደካማ መንግሥት ብቻ እንዲህ ያለ መዘበራረቅ ይደርስበታል የሚል ሰው ቢኖር፣ ይህ የደረሰው በዚያ ዘመን ከዓለም ሁሉ የሰፋ ግዛት በነበረው መንግሥት መሆኑን ያስታውስ።

ደብዳቤው ውስጥ ያለው «ይሁን እንጂ»

ሸሪፍ ሑሴን በጁላይ 1915 ለማክማሆን በጻፉት ደብዳቤ የጠየቁት ትንሽ ነገር አልነበረም። በሰሜን ከመርሲንና ከአዳና መሥመር ተነሥቶ በምሥራቅ እስከ ፋርስ ወሰንና እስከ ባሕረ ሰላጤው፣ በደቡብ ዓደን ስትቀር እስከ ህንድ ውቅያኖስ፣ በምዕራብ እስከ ቀይ ባሕርና እስከ ሜዲቴራንያን ያለው የዓረብ አገር ነፃነት እንዲታወቅ ጠየቁ። ማክማሆን በኦክቶበር 24 ቀን 1915 በጻፉት መልስ እንግሊዝ የዓረቦችን ነፃነት ለማወቅና ለመደገፍ ዝግጁ መሆኗን ገለጡ። ሸሪፉም በዚህ ደብዳቤ ላይ ብዙ ተስፋ ጣሉ።

ይሁን እንጂ ደብዳቤው «ይሁን እንጂ» ነበረበት። አንደኛ፣ መርሲንና እስክንድሮና፣ እንዲሁም ከደማስቆ፣ ከሆምስ፣ ከሐማና ከሐለብ አውራጃዎች በስተ ምዕራብ ያለው የሶርያ ክፍል ተነጥሎ ቀረ። ሁለተኛ፣ የወዳጃቸውን የፈረንሳይን ጥቅም የሚነካ ነገር ቃል አልገቡም። ሦስተኛውን ግን በዚያ ጊዜ ብዙ ሰው አላስተዋለውም፤ ቃሉ የሚጸናው እንግሊዝ ከሌሎች የዓረብ ገዦች ጋር ያሏትን ውሎች በማይነካ መንገድ ነው የሚል ነው።

ይህ ደብዳቤ ከተጻፈ ከሁለት ወር በኋላ፣ በዲሴምበር 26 ቀን 1915፣ ሰር ፐርሲ ኮክስ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ በዳሪን ከኢብን ሳዑድ ጋር ውል ተፈራረሙ። በውሉ ነጅድ፣ አል ሐሳ፣ ቀጢፍና ጁበይል የኢብን ሳዑድና የአባቶቻቸው አገር መሆኑ ታወቀ፤ ወሰኑ ግን ወደ ፊት እንዲወሰን ተተወ። ኢብን ሳዑድም ከሌላ የውጭ መንግሥት ጋር ላይዋዋሉ፣ ኩዌትንና ባሕሬንን የመሳሰሉትን በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ያሉ ጐረቤቶቻቸውን ላይነኩ ቃል ገቡ። ቱርክን ሄደው እንዲወጉ የሚያስገድዳቸው ቃል ግን በውሉ ውስጥ አልነበረም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በካይሮ የተጻፈው ደብዳቤ ለሸሪፉ ሰፊ ተስፋ ሰጠ። በባሕረ ሰላጤው የተፈረመው ውል የዚያኑ ተስፋ ምሥራቃዊ ክፍል ለሌላ ሰው አጸና። በሁለቱ መካከል የነበረው ወሰንም በማንኛቸውም ወረቀት ላይ አልተሠመረም። ከሦስት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ በቱረባ ደም የፈሰሰው በዚሁ ባልተሠመረው መሥመር ላይ ነው።

ሦስተኛም ወረቀት ነበረ። በሜይ 1916 እንግሊዝና ፈረንሳይ በመስኮብ ፈቃድ ሶርያንና መስጴጦምያን በምስጢር ተካፈሉ። ሳይክስ ፒኮ የሚባለው ስምምነት ይህ ነው። ሸሪፉ በወቅቱ አልተነገራቸውም፤ ዓለም ያወቀው በ1917 መጨረሻ ቦልሼቪኮች የመስኮብን የምስጢር መዝገብ ባወጡ ጊዜ ነው። በዚሁ ዓመት በኖቬምበር 2 ቀን ስለ ፍልስጥኤም የባልፉር መግለጫ ወጣ። ማክማሆን በእንግሊዝኛ «አውራጃዎች» ያሉት ቃል በዓረብኛው «ዊላያት» ተብሎ ስለ ተጻፈ ፍልስጥኤም ከተስፋው ውስጥ ነበረች ወይስ አልነበረችም የሚለው ክርክር ብዙ ዘመን ቆየ።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በ1889 በተፈረመው የውጫሌ ውል የ17ኛው አንቀጽ አማርኛና ኢጣልያንኛ አለመስማማት ወደ ዐድዋ እንዳደረሰን በትምህርት ቤት ተምረናል። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያም በዲሴምበር 1906 በሎንዶን ስለ አገራችን በተዋዋሉ ጊዜ ዐፄ ምኒልክ የተዋዋዩ ወገን አልነበሩም። ሳይክስ ፒኮ ከመፈረሙ ከዐሥር ዓመት በፊት የዚያው ሥራ ልምምድ በእኛ ላይ ተደርጎ ነበር ማለት ይቻላል።

ዓመፁና ወርቁ

በጁን 10 ቀን 1916 ሸሪፍ ሑሴን በመካ በቱርክ ላይ ተነሡ። ጅዳ በዚያው ወር፣ ጣይፍም በሴፕቴምበር ወር በእጃቸው ገባ፤ በመዲና የነበሩት ፋኽሪ ፓሻ ግን እስከ ጃንዋሪ 1919 አልተበገሩም። ሦስተኛው ልጃቸው ፈይሰል ወደ ሰሜን ዘመቱ፤ በጁላይ 1917 ዓቀባ ተያዘች፤ በኦክቶበር 1918 የፈይሰል ሰዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ደማስቆ ገቡ። ለዚህ ዘመቻ እንግሊዝ መጀመሪያ በወር 125,000 ፓውንድ ትሰጥ ነበር፤ ኋላም ወደ 200,000 ከፍ አለ። ለኢብን ሳዑድ የተሰጣቸው ከ1917 ጀምሮ በወር 5,000 ፓውንድ፣ ከዚሁም ጋር 3,000 ጠመንጃና አራት መትረየስ ነው።

ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው የሒጃዝ ቤት ለዘለዓለም የጸና ይመስለዋል። አባቶቻችን ግን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለዋል። የሸሪፉ ወርቅ ወደ በረሓ ጐሣዎች ይፈስ ነበር፤ ጐሣዎቹም የሚከተሉት ወርቁን ነበር። የኢብን ሳዑድ ተከታዮች ግን በየሠፈራው ተሰብስበው፣ በሃይማኖት ትምህርት ተሳስረው ይኖሩ ነበር። ገንዘቡ ቢቀር የሚቀሩ ሰዎች አልነበሩም።

በ1916 መገባደጃ ሸሪፍ ሑሴን ራሳቸውን የዓረቦች ንጉሥ ብለው አወጁ። ይህ ስም ለኢብን ሳዑድ ስድብ ሆኖ ተሰማቸው፤ የዓረቦች ንጉሥ ካለ እርሳቸው የማን ሹም ሊባሉ ነው? እንግሊዝና ፈረንሳይም ስሙ አላማራቸውም። በጃንዋሪ 1917 የሒጃዝ ንጉሥ ብቻ ብለው አወቋቸው። በዚያው ሰሞን፣ በኖቬምበር 1916፣ ሰር ፐርሲ ኮክስ በኩዌት ታላቅ ጉባኤ አድርገው ኢብን ሳዑድን በኒሻን አከበሩ። ካይሮ ለአንዱ ዘውድ ስትደፋ የህንድ ሹማምንት ለሌላው ኒሻን ሰቀሉ ማለት ነው። በ1917 መጨረሻ ፊልቢ የተባለ ሹም ወደ ሪያድ ተልኮ ኢብን ሳዑድ ሐይልን እንዲወጉ አግባባ። ከዚያ በረሓውን አቋርጦ ወደ ሒጃዝ ቢሻገር ግን ሸሪፉ በጥርጣሬ ተቀበሉት፤ በመጣበት መንገድ እንዲመለስም አልፈቀዱለትም። ከአንድ መንግሥት የተላከ ሰው በሌላው ወዳጅ ደጅ እንደ ሰላይ ታየ።

የዚህ ጦርነት ነፋስ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ለእኛም ደርሷል። የመካ ዓመፅ በተነሣ በሦስተኛው ወር የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ መልእክተኞች ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክ አዘንብለዋል በማለት በአዲስ አበባ የተቃውሞ ማስታወሻ ሰጡ። በኢትዮጵያ አቈጣጠር መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። የውርደታቸው ምክንያት ብዙ ነው፤ አብዛኛውም የአገር ውስጥ ነው። ሆኖም ከባሕሩ ማዶ ለአንዱ ኸሊፋን መካድ የሚያሸልም፣ ከባሕሩ ወዲህ ለሌላው ከኸሊፋው ጋር መወዳጀት የሚያስከስስ ጊዜ እንደ ነበረ መርሳት አይገባም።

ከኹርማ እስከ ቱረባ

ኹርማ በሒጃዝና በነጅድ መካከል ያለች ትንሽ የተምር አገር ናት። ገዥዋ ኻሊድ ኢብን ሉአይ ራሳቸው ከሸሪፎች ዘር ሲሆኑ ከአሚር አብደላ ጋር ተጣልተው ወደ ወሃቢዎች ወገን ዞሩ። ንጉሥ ሑሴን በ1918 ደጋግመው ጦር ላኩ፤ አልተሳካላቸውም። ቱርክ በኦክቶበር 1918 ጦርነቱን አቁማ መዲናም በጃንዋሪ 1919 እጅ በሰጠች ጊዜ የአብደላ ጦር ከከበባው ነፃ ወጣ፤ ከቱርኮች የተገኘውም መሣሪያ በእጁ ገባ።

በማርች 1919 በሎንዶን ሎርድ ከርዘን የመሩት የሹማምንት ጉባኤ ጉዳዩን መረመረ። የካይሮ አሳብ አሸነፈ። ኹርማ የሑሴን እንድትሆን ተቈረጠ፤ ጦርነት ቢነሣም የሠለጠነ ጦር ያላቸው ሑሴን ያሸንፋሉ ተብሎ ታሰበ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ካርታ መድፍና መትረየስ ያሳይ ነበር፤ የሰው ልብ ግን በካርታ ላይ አይታይም።

በሜይ 25 ለ26 አጥቢያ ሌሊት በቱረባ የሆነውን ከላይ ተናግረናል። አብደላ ከጥቂት ሰዎች ጋር በጭንቅ አመለጡ፤ የሒጃዝ ዋና ጦር በአንድ ሌሊት ጠፋ። ወደ ጣይፍና ወደ መካ የሚወስደው መንገድ ለኢብን ሳዑድ ክፍት ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ከጦርነቱ ይልቅ ያስተምራል። እንግሊዝ ኢብን ሳዑድን «ወደ አገርህ ተመለስ፤ እምቢ ካልህ ገንዘቡ ይቀርብሃል» አለች። እርሳቸውም ድል በእጃቸው ሳለ ተመለሱ። ይህ ፍርሃት አይደለም፤ ስሌት ነው። ሑሴን ገና የእንግሊዝ ጥላ ነበራቸው። ጥላው እስኪነሣ ድረስ መታገሥ ከወርቅ ይበልጥ ይጠቅማል። ኢብን ሳዑድ አምስት ዓመት ታገሡ።

መጨረሻው

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ሑሴን የሚያስፈልጉ ሰው መሆናቸው ቀረ። በ1920 በሳን ሬሞ ሶርያ ለፈረንሳይ፣ ፍልስጥኤምና ዒራቅ ለእንግሊዝ በሞግዚትነት ተሰጡ፤ በጁላይ ወር ፈረንሳዮች ፈይሰልን በጦር ከደማስቆ አስወጡ። በ1921 እንግሊዝ ፈይሰልን በዒራቅ አነገሠች፤ አብደላንም ከዮርዳኖስ ማዶ ሾመች። በዚያው ዓመት ሎሬንስ ወደ ጅዳ ሄዶ ንጉሥ ሑሴን አዲስ ውል እንዲፈርሙ ቢለምናቸው ሽማግሌው እምቢ አሉ። የተሰጣቸውን ተስፋ የሚሽር ወረቀት በገዛ እጃቸው ሊፈርሙ አልወደዱም። የወር ገንዘባቸውም ቀረ።

ኢብን ሳዑድ በ1921 ሐይልን ያዙ። በማርች 1924 የቱርክ ሪፑብሊክ ኸሊፋነትን በሻረች በጥቂት ቀን ውስጥ ሑሴን ኸሊፋ ነኝ ብለው አወጁ፤ በዚያ ጊዜ ጦርም ገንዘብም ጠንካራ ወዳጅም አልነበራቸውም። በዚያው ወር መጨረሻ የኢብን ሳዑድም የእንግሊዝ ገንዘብ ተቋረጠ፤ የሚያስታግሣቸውም ማሰሪያ አብሮ ተቋረጠ። በሴፕቴምበር ወር ኢኽዋን ጣይፍን ያዙ። እንግሊዝ ነገሩ የሃይማኖት ጠብ ነው ብላ ገለልተኛ ሆነች። በኦክቶበር ሑሴን ዙፋኑን ለታላቁ ልጃቸው ለዓሊ ለቀቁ፤ በዚያው ወር መካ ተያዘች፤ በዲሴምበር 1925 ጅዳ እጅዋን ሰጠች። በጃንዋሪ 1926 ኢብን ሳዑድ የሒጃዝ ንጉሥ ተባሉ። በ1927 በጅዳ በተደረገው ውል እንግሊዝ ፍጹም ነፃነታቸውን አወቀች፤ በ1932 አገሩ ሳዑዲ ዓረቢያ ተብሎ ተሰየመ። ሑሴን በቆጵሮስ በስደት ከኖሩ በኋላ በ1931 በዓማን ዐርፈው በኢየሩሳሌም ተቀበሩ። የዒራቅ የዘውድ መንግሥት በጁላይ 1958 ወደቀ፤ በዮርዳኖስ ያለው የሑሴን ዘር ግን እስከ ዛሬ ዙፋን ላይ ነው።

ምን እንማርበታለን?

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ኢብን ሳዑድን ብልህ፣ ሑሴንን ሞኝ ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለኝም። ለእንግሊዝ ጦርነት አገሩንና ልጆቹን አሰልፎ የተዋጋው ሑሴን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁጭ ብሎ የተመለከተው ኢብን ሳዑድ ነው። በመጨረሻ የወደቀው የተዋጋው ሆነ። ፍትሕ በሚዛን ላይ ቢወጣ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ነገር ግን በመንግሥታት ግንኙነት ትናንት የተሠራ ውለታ ነገ ጥቅም ካልሰጠ ዋጋው ይወርዳል። ይህ ደስ የማያሰኝ ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ ሹመት የሚጠብቀው ወጣት ደስ የማያሰኘውን ነገር አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

እንደ እኔ አስተያየት ሦስት ነገር ልብ ማለት ይገባል። መጀመሪያ፣ ከውጭ መንግሥት ደብዳቤ ሲመጣ ተስፋ የሚሰጠውን መሥመር ማንም ያነበዋል፤ የሹም ሥራ ተስፋውን የሚያጠብበውን መሥመር ማንበብ ነው። «ካሉን ውሎች ጋር በማይጋጭ መንገድ» የሚል ቃል ባለበት ሁሉ «የትኞቹ ውሎች? ከማን ጋር?» ብሎ ወዲያው መጠየቅ ያስፈልጋል። ሑሴን ይህን በጊዜው አጥብቀው ቢጠይቁ ኖሮ የዳሪንን ውል ሳይፈረም ለመስማት ዕድል ይኖራቸው ነበር።

ሁለተኛ፣ ታላቅ መንግሥት የሚናገረው በአንድ አፍ አይደለም። የሚያናግረን የትኛው መሥሪያ ቤት ነው? ሌላው መሥሪያ ቤትስ ለጐረቤታችን ምን ይነግረዋል? ይህን የማያውቅ ሰው በካይሮ ቋንቋ ተስፋ ሲያደርግ በህንድ ቋንቋ ይፈረድበታል። የራሳችንም መሥሪያ ቤቶች እንዲሁ በሁለት አፍ እንዳይናገሩ መጠንቀቅ የኛ ፈንታ ነው።

ሦስተኛ፣ በውጭ ገንዘብ የተሰበሰበ ጦር ገንዘቡ እስካለ ድረስ ጦር ነው። በቱረባ ሌሊት የተለካው የመድፍ ብዛት አልነበረም።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ብቻ ነው የሚል ካለ ባሕሩን ተሻግሮ ይመልከት። በየመን ጦርነት ከ2015 ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች በአንድ ወገን ተሰልፈው ነበር። በኦገስት 2019 ግን ኤምሬቶች ይደግፉት የነበረው የደቡብ የሽግግር ምክር ቤት ጦር ሳዑዲ ትደግፈው የነበረውን መንግሥት ወታደሮች ወግቶ ዓደንን ያዘ፤ እነርሱን ለማስታረቅ በኖቬምበር ወር በሪያድ ሌላ ስምምነት ማስፈረም አስፈለገ። በአንድ ጦርነት፣ በአንድ ወገን፣ ሁለት ወዳጆች ሁለት ባላንጣዎችን ቀለቡ። አንድ መቶ ዓመት አለፈ፤ ከፋዩ ተለወጠ፤ አከፋፈሉ ግን ያው ነው።

ዓደን ከእኛ ሩቅ አይደለችም። በቀይ ባሕር ዳርና ዳር የሚኖር ሕዝብ ሁሉ ዛሬ ወይም ነገ ወርቅና ደብዳቤ የያዘ እንግዳ ይመጣበታል። እንግዳውን በክብር መቀበል የአገር ደንብ ነው። ወርቁን ከመቍጠር በፊት ግን ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው መሥመር ማንበብ፣ ጐረቤትም ምን ዓይነት ደብዳቤ እንደ ደረሰው መጠየቅ የተማረ ሰው ግዴታ ነው።